የሸዋጌጥ ሦስት ቀን

ሸዋጌጥ ተረፈ በሥራ ዘመኗ ከማንም ሰው አንዲት ሳንቲም ተቀብላ አታውቅም። ነቀምቴ ውስጥ ይህን የማያውቅ ነጋዴ የለም። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የሰሊጥና የቡና መሸኛ ከሚጻፍበት መስኮት ጀርባ ስትቀመጥ፣ ማር ይዞ የመጣውን ከነማሩ መልሳለች፤ ለልጅሽ ሠርግ በሬ ልላክ ያላትንም ሰው ቢሮው በር ላይ፣ በሰው ፊት፣ የሚገባበትን እስኪያጣ ድረስ ተናግራዋለች። መሸኛ ማለት አንድ መኪና ምን እንደጫነ፣ ጭነቱ የማን እንደሆነና ወዴት እንደሚሄድ የሚመሰክር ወረቀት ነው። ያለ እሱ መኪናው የመጀመሪያውን ኬላ አያልፍም።

አርጆ ተወልዳ ያደገች የሸዋ ሰው ልጅ ናት። አባቷ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ከእሳቸው ቁም ጽሕፈትና ግትርነት ወርሳለች። ኦሮምኛውን ከጎረቤት ልጆች ጋር አፏን ስትፈታ ስለተማረችው፣ ከመስኮቱ ፊት የቆመውን ሁሉ በየቋንቋው ትቆጣዋለች። ጡረታ ስትወጣ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ጋቢ አለበሷት፤ አለቃዋም ንግግር ሲያደርግ «እንከን የሌለባት» ብሎ አመሰገናት። ሸዋጌጥ ያን ቃል ቤቷ ወስዳ ለብዙ ቀን ስታስበው ሰነበተች።

ጡረታ በወጣች በአራተኛው ወር፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ናዝራዊት የምትባል ወጣት ተመራማሪ ከአዲስ አበባ መጥታ በሯን አንኳኳች። ዕቃ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ተሻግሮ እስኪሸጥ ድረስ የሚወጣበትን ወጪ የሚለካ ጥናት ይዛለች።

«ወጪ ስትዪ ቀረጡን ነው?» አለቻት ሸዋጌጥ።

«ቀረጡማ ተጽፎ ይገኛል፣ እትዬ ሸዋጌጥ። እኔን የቸገረኝ ያልተጻፈው ነው። አንድ መኪና ሰሊጥ ከነቀምቴ ተነሥቶ ወደብ እስኪደርስ የት የት ይቆማል? ስንት ሰዓት ይቆማል? ለምን? የቆመበት ሰዓት ሁሉ ዋጋ አለው። ባሕር ማዶ ያለው ገዢ የሚከፍለው ይመስለናል እንጂ፣ መጨረሻ ላይ ከገበሬው ላይ ነው የሚቀነሰው።»

ሥራው ቀላል ነበር። መኪናው ላይ ተሳፍሮ መሄድ፣ በቆመበት ሁሉ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት መጻፍ፣ ከጎኑ ምክንያቱን ማስፈር። ናዝራዊት ቅጹን ስትሰጣት አንድ ነገር ደጋግማ አሳሰበቻት፤ ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ጭነቱ አልቆ ሸራው ከታሰረበት ደቂቃ ነው።

ሸዋጌጥ ዓይኗን ሳታሽ ተስማማች። ኬላ ላይ ስለሚበላው ገንዘብ፣ ጠረፍ ላይ ስለሚደረገው ማጉላላት ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰማ ኖራለች። አሁን ሌቦቹን በዓይኗ አይታ፣ በደቂቃ ለክታ፣ ጉዳቸውን ልታወጣው ነው። በዚያ ሳምንት ለጎረቤቶቿ ሁሉ ይህንኑ ስታወራ ከረመች።

ሾፌሩ ፈይሳ ይባላል። የጂቡቲን መንገድ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተመላለሰበት፣ ቁጥብ፣ ፂሙን ሽበት የወረረው ሰው ነው። ሰኞ ጠዋት ከመጋዘኑ በር ላይ ሲያገኛት ኮፍያውን አውልቆ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አላት።

«አካም ቡልተን፣ አዴ ሸዋጌጥ?»

«ነጋያ፣ ኦቦ ፈይሳ። ዛሬ እንግዲህ እኔም ሾፌር ሆንኩልህ።»

ፈይሳ ፈገግ አለና በሩን ከፈተላት። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሸራው ታሰረ። መኪናው ከመጋዘኑ ወጥቶ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሄድ ቆመ። የቆመው እሷ ሃያ ሦስት ዓመት በሠራችበት ግቢ ውስጥ ነው።

ግቢውን ከመኪና ላይ ሆና አይታው አታውቅም። ከመስኮቷ የሚታያት የሰው ፊት ብቻ ነበር፤ መስታወቱ እስከ ወገቡ ድረስ ነጭ ቀለም የተቀባ ስለሆነ ከዚያ ወዲያ ያለው አይታይም። አሁን ግን አሥራ አንድ መኪና ተሰልፎ አየች። ከየመኪናው ሥር ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ሰው እዚያው ተኝቷል፣ እዚያው ፊቱን ይታጠባል፣ አንዱ ሸሚዙን አጥቦ የመኪናው የጎን መስታወት ላይ አስጥቷል። እንግዳ ሆኖ የመጣ ሰው አይመስሉም። እዚያ መኖር የለመዱ ይመስላሉ።

ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ናሙና ወሳጁ መጣ። ሸራውን አስፈትቶ፣ ከየጆንያው በመውጊያ ብረት ጥቂት ጥቂት ሰሊጥ አወጣ፤ አይቶ፣ አሽትቶ፣ ከረጢት ውስጥ ጨምሮ ሄደ። ሸዋጌጥ በስልኳ ለካችው። ሃያ ደቂቃ።

«እንግዲህ ነገ ነው» አለ ፈይሳ ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኝቶ።

«እንዴት ነገ? ናሙናው እኮ አለቀ!»

ከመኪናው ወርዳ ወደ መስኮቱ ሄደች። መስኮቱ ላይ ያለችው ሊሊሴ ናት፤ እሷው ራሷ ስድስት ዓመት አጠገቧ አስቀምጣ ያሠለጠነቻት። ሊሊሴ ስታያት ብድግ ብላ በመስኮቱ ቀዳዳ እጇን ሳመቻት።

«ሊሊሴ፣ የኦቦ ፈይሳ ናሙና ተወስዷል። መዝገቡ እፊትሽ ነው። ለምን አሁን አትመዘግቢውም?»

ሊሊሴ የምትፈትናት መሰላት። እንደ ጎበዝ ተማሪ ቀጥ ብላ መለሰች፦ «ናሙና በመጀመሪያው ቀን፣ ምዝገባ በሁለተኛው፣ ፊርማ በሦስተኛው። አዴ ሸዋጌጥ፣ እርስዎ ያስተማሩኝን እረሳለሁ ብለው ነው?»

ሸዋጌጥ ዞር አለች። ከኋላዋ የተሰለፉት ሾፌሮች ያዩዋታል። አንዱም አልሳቀም፤ ቢስቁ ይሻላት ነበር።

የሦስት ቀኑን ሥርዓት የተከለችው እሷው ራሷ በ2001 ዓ.ም. ነው፤ ከመኪናው ላይ ሆና ግን የራሷ ደንብ መሆኑ አልታወሳት ነበር። በዚያ ዓመት አንድ ባልደረባዋ ከነጋዴ ጋር ተመሳጥሮ ያላየውን ጭነት እንዳየ አድርጎ ጻፈና ተያዘ። ሸዋጌጥ ያን ጊዜ አስባ አስባ መላ መታች። ናሙና የሚወስደው፣ የሚመዘግበውና የሚፈርመው ሠራተኛ ተራቸው በየቀኑ እየተቀያየረ በተለያየ ቀን ቢሠሩ፣ ነጋዴው ወረቀቱ ማን እጅ እንደሚገባ አያውቅም፤ ካላወቀ ደግሞ ማንን ይደልላል? ዓርብ ለመዝገብ ማስተካከያ ብቻ እንዲሆን አደረገች። ሌብነቱ እውነትም ቆመ። የምስክር ወረቀት ተሰጣት፤ በመስታወት አስገብታ ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው።

ማክሰኞ ምዝገባው ሆነ፤ አሥር ደቂቃ ፈጀ። ረቡዕ ፊርማው ሆነ፤ ማኅተሙን ጨምሮ ሁለት ደቂቃ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ መኪናው ከግቢው ሲወጣ ሸዋጌጥ ስልኳ ላይ የያዘችውን ደመረች። ሥራው ሁሉ አንድ ላይ ሠላሳ ሁለት ደቂቃ ነው። የቆሙት ግን ሃምሳ ስድስት ሰዓት። ስልኩ የተበላሸ መሰላትና በጣቷ እየቆጠረች እንደገና ደመረችው። ያው ነው።

ያን ጊዜ አንድ ነገር አደረገች። ቅጹ ላይ «መነሻ ሰዓት» በሚለው ቦታ «ረቡዕ፣ አሥር ተኩል» ብላ ጻፈች። ጉዞ የሚባለው ጎማ ሲሽከረከር ነው አለች ለራሷ። ደግሞስ ከፊት ያለው ኬላ ከዚህ እንደሚብስ የታወቀ አይደል? ፈይሳ በጎን አየት አደረጋት፤ ያየውን እንዳላየ ሆኖ ማርሹን ቀየረ።

ባኮ ሳይደርሱ የመጀመሪያው ኬላ ላይ አንድ ጎረምሳ መሸኛውን ገልብጦ አየና «ለሻይ» አለ። ፈይሳ አጣጥፎ የያዘውን ብር ወረወረለት፤ ገመዱ ወረደ። አራት ደቂቃ። ሸዋጌጥ ብዕሯ ወረቀቱን እስኪቀድ ድረስ ተጭና ጻፈችው። በሚቀጥለው ሰባት ደቂቃ። አምቦን አልፈው አንዱ ጋ አርባ ደቂቃ ቆሙ፤ እሷም «ይኸው! አላልኩም?» ብላ ጮኸች። እንዲህ እያሉ አዲስ አበባን በዳር አልፈው፣ አዳማን፣ አዋሽን ተሻገሩ። መሬቱ ጠፍጣፋ፣ ነፋሱ እሳት ሆነ። ሸዋጌጥ እግሯ አብጦ ጫማዋን አወለቀች፤ ቢሆንም አንድም መቆሚያ አላለፋትም።

ከጂቡቲ ጋር በሚያዋስነው ጋላፊ ጠረፍ ላይ ደግሞ አሥራ አራት ሰዓት ጠበቁ። ፓስፖርት ስለሌላት የእሷ ጉዞ እዚህ ያበቃል። ረፋዱ ላይ በመኪናው ጥላ ጀሪካን ላይ ተቀምጣ ቅጾቹን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና ትደምር ጀመር። ኬላዎቹ በጠቅላላ አሥራ አንድ ናቸው። ሌባውም ሰነፉም ተጨምሮ ስድስት ሰዓት ሆኑ። ጠረፉ አሥራ አራት። ሁለቱ ሲደመሩ ሃያ። ቆም አለችና አጠገቡ ሳትጽፈው የቀረችውን ሃምሳ ስድስት በልቧ አስቀመጠችው።

 ከነቀምቴ እስከዚህ ድረስ ያለ ሌባ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ጠረፉም ታክሎበት፣ የእሷን መስኮት እኩሌታ እንኳ አላከለም።

«ኦቦ ፈይሳ» አለች። «ታውቁት ነበር?»

ፈይሳ ጎማውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። «ሾፌር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፣ አዴ ሸዋጌጥ።»

«ታዲያ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ሰው እንዴት አይነግረኝም?»

«ምን ብለን እንንገርዎ?» አለ ቀስ ብሎ። «ሌላው ሲያስቸግረን ሻይ እንለዋለን፣ ያሳልፈናል። እርስዎ ሳንቲም አይቀበሉ። አይሰድቡን፣ አያዳሉ፤ ትልቁም ትንሹም እኩል ሦስት ቀን። በምን በኩል እንግባብዎት? እውነተኛ ሰው ላይ አቤት ቢሉ ማን ይሰማል?»

 ፈይሳ ከጀመረው አይቀር ብሎ ከፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለ።

«በላይ የሚባል ሰው ያስታውሳሉ? የጊዳ አያና ሰው። በ2012 ጥር ላይ ነው።»

«አላስታውስም።»

«ሠላሳ ስምንት ቤት ሆነው ማኅበር አቋቋሙ። አማራው፣ ኦሮሞው፣ እስላሙ፣ ክርስቲያኑ፣ ያው የመንደሩ ሰው ነው። ያለ ደላላ፣ በቀጥታ ባሕር ማዶ ሊሸጡ ገዢ አገኙ። የመጀመሪያቸው ነበር። የጫንኩት እኔ ነኝ። ሐሙስ ግቢያችሁ ገባን፣ ናሙና ተወሰደ። ዓርብ የመዝገብ ቀን፤ ቅዳሜና እሑድ ዝግ። ሰኞ ተመዘገበ፣ ማክሰኞ ተፈረመ። ወደብ ስንደርስ መርከቧ በዋዜማው ሄዳለች። ሰሊጡ በዚያ ሙቀት ሌላ መርከብ ሲጠብቅ ሃያ ቀን ከረመ፤ ሸተተ። ገዢው አልቀበልም አለ። ማኅበሩ በዚያው ፈረሰ።»

ሸዋጌጥ ያን ጊዜ ሰውዬው ፊቷ ድቅን አለ። ግራጫ ኮት፣ በእጁ የተጠቀለለ ወረቀት። ዓርብ ጠዋት መስኮቱን በጣቱ እየቆረቆረ «እመቤቴ፣ መርከብ አለብን» አላት። እሷም ከመዝገቡ ቀና ሳትል «መርከቡን የምነዳው እኔ አይደለሁም» ብላው ነበር። ወረፋው ሁሉ ስቆ ነበር። እሷም በመልሷ ኮርታ ማታ ለልጇ አውርታላታለች።

 ልታለቅስ ሞከረች፤ እንባ አልመጣም። የመጣው ከ2001 ወዲህ ያለው ዓመት ሁሉ ነው። በቀን ስንት መኪና፣ በዓመት ስንት፣ በየመኪናው ላይ የስንት ቤት እህል? አእምሮዋ ሊያሰላው ተነሣና መሃል ላይ ፈርቶ ተመለሰ።

ብዕሯን አውጥታ «ረቡዕ፣ አሥር ተኩል» የሚለውን ሰረዘችው። በላዩ «ሰኞ፣ ሁለት ተኩል» ብላ በዚያ በአባቷ ቁም ጽሕፈት ጻፈች። ምክንያት በሚለው ቦታም «የመሸኛ ጥበቃ፤ ሥራው ሠላሳ ሁለት ደቂቃ» ብላ አሰፈረች። ፈይሳ መኪናውን አስነሥቶ ወደ ወደቡ ሲሄድ እሷ በሌላ መኪና ወደ ቤቷ ተመለሰች። 

ጥር መጨረሻ ላይ ናዝራዊት ውጤቱን ለማሳየት ነቀምቴ ውስጥ አንድ አዳራሽ ተከራየች። ነጋዴዎች፣ ሾፌሮች፣ የየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች ተጠሩ። ሌሎች መረጃ ለቃሚዎች በአሥራ አራት መኪና ያመጡትም ቁጥር ከሸዋጌጥ ቁጥር ጋር እምብዛም አይለያይም።

«ከዚህ እስከ ወደቡ መኪናው በትክክል የሚነዳው ሠላሳ አራት ሰዓት ነው» አለች ናዝራዊት። «እዚሁ ከተማ ውስጥ ቆሞ የሚጠብቀው ሃምሳ ስድስት ሰዓት። በዚህ ጊዜ ውስጥ ወደብ ደርሶ፣ ከመመለሻው መንገድ ከግማሽ በላዩን ይጨርስ ነበር። ባሕሩ የራቀን በመልክዓ ምድር ብቻ አይደለም። ሦስት ቀን ስንቆም ገዢው ዋጋ ሲሰጠን እኛን ካለንበት በጣም ርቀው እንዳሉ ሰዎች ነው የሚቆጥረን።»

 ስብሰባውን የሚመራው ኃላፊ መነጽሩን አወለቀ። «ይህ የሦስት ቀን አሠራር በየትኛው መመሪያ ነው የወጣው? ቁጥሩ ስንት ነው?»

ሊሊሴ ከመሃል ተነሣች። ፊቷ ዐመድ መስሏል። «ፈልጌዋለሁ። ፋይሉን ሁሉ አገላበጥኩ። መመሪያ የለም፤ ደብዳቤም የለም። እንዲሁ… ሲሠራበት ነው ያገኘሁት።»

ሸዋጌጥ ይህንን አታውቅም ነበር። በቃል ጀምራው፣ ሰው ሁሉ ስለለመደው፣ የሆነ ቦታ የተጻፈ ሕግ ነው ብላ ራሷም አምና ኖራለች። ለካ በአንዲት ሴት ግትርነት ብቻ የቆመ ነገር ነው። የፊት ወንበሩን ይዛ ተነሣች።

«የእኔ ነው» አለች። «ሊሊሴን አትጠይቋት። እኔ ነኝ ያወጣሁት። ሌባ ለመከልከል ብዬ ነው፤ ሌባውንም ከለከልኩ። ከሌባው ጋር ማንን እንደምከለክል ግን አንድ ቀን እንኳ ከዚያ ወንበር ተነሥቼ አላየሁም።»

ተቀመጠች። ሊሊሴ ወንበሮቹን እየዘለለች መጣችና አጠገቧ ቁጭ አለች። «እኔ እኮ ሳላምንበትም የጠበቅኩት እርስዎን ስለማከብር ነው» ብላ በጆሮዋ አንሾካሾከች። ያ ቃል ለሸዋጌጥ ከቁጥሩ ሁሉ ከበዳት።

በነጋታው ፈይሳን ይዛ በላይን ፍለጋ ሄደች። አካባቢው በግጭት በታመሰ ጊዜ ሰውዬው ከጊዳ አያና ወጥቶ ነቀምቴ ገብቷል፤ መናኸሪያው አካባቢ ጎሚስታ ከፍቶ ጎማ ይጠግናል። ሲያያት ወዲያው አወቃት። እጁን በጨርቅ ጠርጎ በርጩማ አቀረበላት። ሁሉንም ነገረችው፤ ደቂቃውን፣ ሰዓቱን፣ ዓርብ ጠዋት የመለሰችለትን ቃል ሳይቀር።

 «ሠላሳ ሁለት ደቂቃ?» አለ በላይ የያዘውን ብረት መሬት ላይ እያስቀመጠ። «እኔ እኮ ሥራው ሦስት ቀን የሚፈጅ መስሎኝ ነበር። ለመንደሩም እንደዚያው ነው የነገርኳቸው። ሴትዮዋ ገንዘብ አትጠይቅም፣ ሥራው ከባድ ሆኖ ነው ብዬ ተሟግቼልዎታለሁ።»

ሸዋጌጥ ይሰድበኛል ብላ መጥታ ነበር። እስከዛሬ ጠበቃዋ ሆኖ መኖሩን ስትሰማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ይቅር በለኝ» አለች።

«ለሠላሳ ስምንት ቤት ሆኜ ይቅር ልልዎ አልችልም» አለ በላይ፣ ሳይቆጣ። «ግማሹ የት እንዳለም አላውቅም። ስለራሴ ከሆነ ግን ይሁን።» ከዚያም አከለ፣ «የእህቴ ልጆች ቢላ በሚባል አገር ሰሊጥ ይዘራሉ። ዘንድሮ ሃያ ሆነው እንደራጅ ይላሉ። ወረቀት የሚያውቅላቸው ሰው የለም።»

በየካቲት ሊሊሴ መስኮቱን አንድ ቀን አደረገችው፤ ጠዋት የገባ መኪና ከሰዓት በኋላ ይወጣል፤ ናሙና ወሳጁ ማን እንደሚሆን ደግሞ በየማለዳው በዕጣ ይለያል። አንዳንድ ቀን መብራት ሲጠፋ ወደ ሁለት ቀን ይሳባል። የምስክር ወረቀቱን ሸዋጌጥ ከግድግዳው አውርዳዋለች፤ ግን አልጣለችውም፣ የት እንደምታደርገውም አልቆረጠላትም። ማክሰኞና ሐሙስ ማለዳ ባጃጅ ይዛ ወደ መናኸሪያው ትሄዳለች። ጎማ ጠጋኙ በላይ ቀድሞ የያዘላትን ቦታ ይዛ ወደ ቢላ በሚሄድ መኪና ትሳፈርና፣ ሃያዎቹ ገበሬዎች የማኅበር ወረቀታቸውን ዘርግተው ወደሚጠብቋት ቤት ትወርዳለች።